ጉማሬና ኤሊ፣ አንበሳና አይጥ፦ ለልጅ የትኛውን የስዕል መጽሐፍ እንምረጥ?

ለጥምቀት ከውጭ ዘመድ ሊመጣ ሲል ጎንደር ውስጥ በየቤቱ አንድ ዓይነት ስልክ ይደወላል፣ «ለልጁ ምን ላምጣለት?» ይባላል፣ እዚህ ያለው ደግሞ ጫማ ነው ጃኬት ነው ታብሌት ነው ሲል ይቆይና መጨረሻ ላይ «እንግዲህ መጽሐፍም ካገኘህ» ብሎ ይዘጋዋል። እንዲህ በደፈናው ካላችሁ የሚመጣው ያው የሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ የተገኘ የሚያብረቀርቅ የልዕልት መጽሐፍ ነው፣ ሰሞኑን ይታያል ከዛ አልጋ ስር ይገባል። ስም ጠርቶ ማዘዝ ይሻላል። ስለ ሁሉም የልጆች መጽሐፍ ላወራ አልችልም፣ አንዱን ዓይነት ብቻ ልውሰድ፣ ፈጽሞ የማይገናኙ እንስሳት ጓደኛ የሚሆኑባቸውን፣ አንበሳና አይጥ፣ ጉማሬና ኤሊ፣ ቀንድ አውጣና ዓሣ ነባሪ ምናምን።

ለምን እነሱን? ልጅ ኬጂ ሲገባ መጀመሪያ የሚከብደው ሀ ሁ አይደለም እኮ፣ ከማያውቀው ልጅ ጎን መቀመጥ ነው። አንዱ ይጮሃል አንዱ ትንፍሽ አይልም፣ አንዱ ግዙፍ ነው አንዱ ሚጢጢ፣ አንዷ ምሳዋን ታካፍላለች አንዱ ይቀማል። ይሄን በሰው ልጅ ስዕል ብትነግሩት «እኔን ነው የምትሉት» ብሎ ይኮሳተራል፣ በዝሆንና በአይጥ ሲሆን ግን ዘና ብሎ ይሰማችኋል፣ ድሮስ አያቶቻችን አያ ጅቦንና እመት ጦጢትን ያመጡት ለምን ሆነና።

ብዙ ሰው ሲመርጥ «ስዕሉ ያምራል ወይ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ይመር ግዴለም፣ ግን እኔ መጀመሪያ የማየው ሌላ ነው፣ የሁለቱ እንስሳት ልዩነት ታሪኩ ውስጥ ሥራ አለው ወይ? ይሄን ማወቅ ቀላል ነው፣ ሁለቱን እንስሳት በሐሳባችሁ አውጡና በቦታቸው ሁለት ጥንቸል አስገቡ። ታሪኩ ምንም ሳይጎድልበት ከቀጠለ ቀጭኔዋም ኤሊውም ለጌጥ ነው የተሳሉት፣ መጽሐፉን መልሱት። አይጧ ትንሽ ባትሆን ገመዱ ውስጥ መግባት አትችልም፣ አንበሳው ትልቅ ባይሆን መጀመሪያውኑ ወጥመድ አይዘረጋለትም፣ እንደዚህ ከሆነ ያዙት። አንዳንዱ መጽሐፍ ደግሞ አለ፣ ጃርቷ እሾኋን ደብቃ ወይ ነቅላ ሌላውን ከመሰለች በኋላ ጓደኛ የምታገኝበት ዓይነት፣ እሱን ስዕሉ የፈለገውን ያህል ቢያምር እኔ ቤት አላስገባውም።

ሁለተኛው ጥያቄ ማን ነው የሚያነበው የሚለው ነው፣ ይሄን ሰው ይረሳዋል። እኛ ጋ እንግሊዝኛ የሚያነበው ወላጅ ማታ ደክሞት ነው የሚገባው፣ ቀኑን ሙሉ ከልጁ ጋ የሚውሉት አያት ናቸው ወይ ሞግዚቷ ናት፣ ስለዚህ ውጭ አገር ተሸልሟል ተወዷል የተባለው ሁሉ ቤታችን ሲደርስ የሚከፍተው ላያገኝ ይችላል።

በዚህ በኩል ካየነው አንደኛ የማደርገው የጄሪ ፒንክኒን «ዘ ላየን ኤንድ ዘ ማውስ» ነው። በ2009 የወጣ ነው (በፈረንጅ ነው፣ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች እንደዛው)፣ በ2010 አሜሪካ ውስጥ ለስዕል መጽሐፍ የሚሰጠውን ትልቁን ሽልማት፣ የካልዴኮት ሜዳሊያን አግኝቷል። ታሪኩን ታውቁታላችሁ፣ የኤዞፕ ነው፣ አንበሳው አይጧን ይይዝና ይለቃታል፣ በኋላ እሱ ሲጠመድ እሷ ገመዱን ቆርጥማ ታስፈታዋለች። ዋናው ነገር ግን መጽሐፉ ጽሑፍ የለውም! የጉጉት ድምፅ፣ የአይጥ ጭውጭውታ፣ የአንበሳ ግሳት፣ እንደዚህ ዓይነት ድምፆች ብቻ ናቸው እዚህም እዚያም የተጻፉት። ሽፋኑ ላይ ራሱ ርዕስ የለም፣ የአንበሳው ፊት ብቻ ነው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቶት ያለው። ሜዳው ደግሞ የሴሬንጌቲ ሜዳ ነው፣ ዛፉ ግራሩ ለእኛ ልጅ እንግዳ አይሆንበትም።

ጽሑፍ የለውም ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያየሁት አንዲት የሰፈራችን እናት ለልጅ ልጃቸው ሲነግሩት ነው። ፊደል አልቆጠሩም፣ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ ዘርግተው «ተረት ተረት» አሉ፣ እሱ «የላም በረት» አለ፣ አንበሳው አይጧን በመዳፉ ይዞ የሚያይበት ገጽ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ቀጭን አድርገው «አያ አንበሳ፣ እኔን ብትበላ ከጥርስህ መሀል ቀርቼ ነው የማልፈው፣ ይልቅ ልቀቀኝና ውለታህን አልረሳም» አሉ። ልጁ «ለምን ለቀቃት ግን? አልራበውም?» አለ። ገጹ ላይ መልስ የለም፣ እሳቸው ደግሞ «አንተስ ምን ይመስልሃል?» አሉት፣ በቃ ከዛ በኋላ ገጹን ለማዞር ስንት ጊዜ እንደፈጀ አትጠይቁኝ። ፋሲል ግቢ ውስጥ ያለውን የአንበሶች ቤት ያየ ልጅ ከሆነማ ሌላ ወሬ ይመጣል፣ ያ አንበሳ ግቢ ውስጥ ሲኖር አይጥ ጓደኛ ነበረው ወይ ምናምን ይባላል።

ችግሩ፣ ወላጁ «የተጻፈውን ላንብብልህ» ማለት የለመደ ከሆነ ግራ ይገባዋል፣ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ገልብጦ ይጨርሰዋል። ማውራት የማይወድ ሰው እጅ ላይ ይሄ መጽሐፍ ይሞታል። ሌላው፣ አንዳንድ ልጅ ሁልጊዜ ማታ ያንኑ ቃል በቃል መስማት ይፈልጋል፣ «ትናንት እንደዛ አላልሽም!» ይላል፣ ለእሱ ጽሑፍ ያለው ይሻላል።

«ይሄ ሁሉ ተረት ነው፣ እውነት የሆነ ነገር የለም?» ለሚል ልጅ፣ 6 ዓመት ካለፈው በተለይ፣ «ኦወን ኤንድ ምዜ»ን እዘዙ። ይሄ በፎቶ ነው፣ እውነተኛ ታሪክ ነው፣ ቦታውም ጎረቤታችን ኬንያ። በ2004 ዲሴምበር መጨረሻ ሱናሚው የሕንድ ውቅያኖስን ሲመታ ኬንያ ጠረፍ ላይ አንድ የጉማሬ ግልገል ከእናቱ ተለይቶ ይቀራል፣ ግልገል ስላችሁ እንዳትሳሳቱ 270 ኪሎ ገደማ ነበር፣ ሰዎች በመከራ ይዘው ሞምባሳ ወደሚገኘው ሃለር ፓርክ ወሰዱት። እዛ ምዜ የሚባል፣ ዕድሜው ወደ 130 ዓመት የሚገመት ትልቅ ኤሊ ነበር። ግልገሉ ሮጦ እሱ ጀርባ ተሸሸገ። ደስ የሚለኝ ምን መሰላችሁ፣ ኤሊው ወዲያው እንኳን ደህና መጣህ አላለም፣ እፍ እያለ ይሸሸው ነበር፣ ግልገሉ ግን እየተከተለ፣ እየተከተለ፣ በመጨረሻ አብረው መብላት አብረው መተኛት ጀመሩ። የልጆችም ጓደኝነት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚጀምረው፣ አንዱ ይለጠፋል አንዱ ይሸሻል፣ ሌሎቹ መጻሕፍት ግን ይሄን ክፍል ዘለውት ሁለተኛው ገጽ ላይ ያቃቅፏቸዋል።

ያዘጋጁት ክሬግ ሃትኮፍ፣ ትንሿ ልጁ ኢዛቤላ እና ያኔ ፓርኩን ትመራ የነበረችው ኬንያዊቷ ዶክተር ፓውላ ካሁምቡ ናቸው፣ ፎቶዎቹን ያነሳው ፒተር ግሬስተ ነው፣ በ2006 ወጣ። ለጎንደር ልጅ ጉማሬ ሩቅ አይደለም፣ ጎርጎራ ወርዶ ጣናን ያየ ልጅ ቢያንስ ስሙን ሰምቷል። ግን ጽሑፉ ረጅም ነው፣ ለ4 ዓመት ልጅ ቃል በቃል ካነበባችሁት መሀል ላይ ተነስቶ ይሄዳል፣ ፎቶውን እያሳያችሁ በአጭሩ በአማርኛ ንገሩት፣ ሲያድግ ደግሞ ራሱ ያነበዋል፣ ሁለት ዕድሜ ያገለግላል ማለት ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ታሪኩ እናቱን በማጣት ነው የሚጀምረው። ወላጅ ያጣ ወይ ከቤቱ የተፈናቀለ ልጅ ካለ መጀመሪያ ብቻችሁን አንብቡትና ወስኑ፣ አንዳንዱን ልጅ ያጽናናዋል አንዳንዱን ግን ሌሊት ያስለቅሰዋል። «አሁንስ አብረው ናቸው?» መባሉ አይቀርም፣ በኋላ ኦወንን ክሊዮ ከምትባል ጉማሬ ጋር እንዲኖር አድርገውታል፣ እንደዛው ንገሩት፣ ጉማሬም ጉማሬ ያስፈልገዋላ።

በዚሁ በእውነተኛው መደብ የዝሆኗ ታራና የውሻዋ ቤላ መጽሐፍም አለ፣ ቴነሲ ያለ የዝሆኖች መጠለያ ውስጥ የሆነ ነው፣ ካሮል በክሊ ናት የጻፈችው፣ 2009። በፎቶ ስለሆነ ዕድሜው አነስ ላለ ልጅም ይሆናል። ውሻዋ በ2011 ሞታለች፣ መጽሐፉ ከዛ በፊት የወጣ ስለሆነ ይሄ ውስጡ የለም፣ ግን ኢንተርኔት የሚነካካ ልጅ ካላችሁ ማግኘቱ አይቀርም። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ከሆነ እኔ ጉማሬውን ነው የምለው።

የእንግሊዝኛ ግጥም የሚባለው ዘርፍ ላይ የታወቀው የጁሊያ ዶናልድሰንና የአክሰል ሼፍለር «ዘ ስኔል ኤንድ ዘ ዌል» ነው፣ 2003። የጥንቸሉን ፈተና ከሁሉም በላይ የሚያልፈው ይሄ ነው፣ ሚጢጢዋ ቀንድ አውጣ ዓለምን ማየት ትፈልጋለች፣ ዓሣ ነባሪው ጭራው ላይ አድርጎ ያዞራታል፣ ከዛ እሱ ባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ተንጋልሎ ሲቀር እሷ እየተሳበች ትምህርት ቤት ትገባና በልጋጓ ብላክቦርዱ ላይ አድኑት ብላ ትጽፋለች። ባሕር አይቶ የማያውቅ ልጅ እንኳን እዚህ ገጽ ላይ ሲደርስ ይነቃል፣ ብላክቦርድ ያውቃላ። ግን መጽሐፉ ግማሽ ነፍሱ ግጥሙ ነው፣ ቤት ይመታል፣ እንደ ዘፈን ነው የሚነበበው፣ እያነበባችሁ በአፍ ወደ አማርኛ የምትመልሱት ከሆነ ታሪኩ ይተርፋል ዜማው ግን ይቀራል። እንግሊዝኛው ላይ ምላሱ የተፍታታ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ግሩም ነው፣ ከሌለ ገንዘባችሁን ሌላው ላይ አውሉት።

ልጁ ራሱ እንግሊዝኛ ማንበብ እየጀመረ ከሆነ፣ አንደኛ ሁለተኛ ክፍል አካባቢ፣ የሞ ዊለምስ «ኤለፋንት ኤንድ ፒጊ» ተከታታይ መጻሕፍት አሉ፣ ከ2007 እስከ 2016 የወጡ 25 ናቸው። ጭንቀታም ዝሆንና ደስተኛ አሳማ ናቸው ጓደኞቹ፣ ሁሉም ነገር በንግግር ብቻ ነው የሚሄደው፣ የዝሆኑ ንግግር ግራጫ ፊኛ ውስጥ የእሷ ሮዝ ውስጥ፣ ስለዚህ ሁለት ሰው ተከፋፍሎ እንደ ድራማ ያነበዋል፣ ወንድምና እህት ካሉ ከዚህ የተሻለ የለም። ገጹ ላይ ጥቂት ቃል ብቻ ነው ያለው፣ ልጁ «ጨረስኩት!» ማለት ይችላል፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን እኛ ጋ የሚነሳውን ነገር ላንሳ፣ አሳማ ናት። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቤት ውስጥ «ምን ሌላ እንስሳ ጠፍቶ ነው» የሚሉ አያት አይጠፉም፣ ይሄን ማንም የውጭ መምረጫ አይነግራችሁም። የእኔ አስተያየት፣ ስዕል ነው፣ የሚበላ ነገር አይደለም፣ ግን መጽሐፉ የሚነበበው እሳቸው ቤት ከሆነና ቅር የሚላቸው ከሆነ ሌላ ምረጡ፣ በመጽሐፍ ሰበብ ቤት ውስጥ ኩርፊያ ምን ያደርጋል።

ከ7 ከ8 ዓመት በላይ ለሆነና ለብቻው ማሰብ ለሚወድ ልጅ የዊልያም ስታይግ «ኤመስ ኤንድ ቦሪስ» አለ፣ 1971። አይጥና ዓሣ ነባሪ ነው፣ አይጡ መርከብ ሠርቶ ባሕር ላይ ይወጣል፣ ይወድቃል፣ ዓሣ ነባሪው ያድነዋል፣ ከዓመታት በኋላ ዓሣ ነባሪው ደረቅ ላይ ሲቀር አይጡ ሁለት ዝሆን ጠርቶ ያስገፋዋል። መጨረሻው ላይ ዳግም እንደማይገናኙ እያወቁ ይለያያሉ፣ አንዱ የየብስ አንዱ የባሕር ናቸውና። እንግሊዝኛው ከባድ ነው፣ አዋቂም ቆም ብሎ መዝገበ ቃላት የሚከፍትበት ቦታ አለው። ቤተሰቡ ሊሄድበት ያለ፣ ወይ የልብ ጓደኛው ወደ ውጭ የሄደበት ልጅ ካለ ግን ከሁሉም በፊት ይሄን እሰጠዋለሁ።

ዘመድ የሚያመጣው የለም፣ ወይም እስከዛ መጠበቅ አልፈልግም ካላችሁ ደግሞ ስልካችሁ ላይ በነፃ የሚገኝ አለ። ስቶሪዊቨር የሚባለው የሕንዱ ፕራታም ቡክስ ያዘጋጀው፣ እና አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባለው ከደቡብ አፍሪካ የተጀመረው፣ ሁለቱም አማርኛ አላቸው፣ በፒዲኤፍ አውርዳችሁ ፕሪንት ማድረግ ትችላላችሁ፣ ፈቃዱ ይፈቅዳል። ጥራቱ ግን አንድ ዓይነት አይደለም፣ አንዳንዱ ጥርት ያለ አማርኛ ነው፣ አንዳንዱን ስታነቡት ምላሳችሁ ይተሳሰራል፣ ስለዚህ ከማተማችሁ በፊት አንድ ገጽ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፣ «እናት ልጅን እንዲህ ትለዋለች ወይ?» በሉ፣ ካላለች ስዕሉን ውሰዱና ጽሑፉን በራሳችሁ አፍ ተኩት። ፒያሳ ኮፒ ቤት ወስዳችሁ በከለር ካስወጣችሁ በኋላ ላሚኔት ብታስደርጉት ሻይ ቢፈስበትም ችግር የለውም። ሁለት ቋንቋ ያላቸው፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን፣ ሬዲ ሴት ጎ ቡክስ የሚባሉትም አሉ፣ ንባብን ከሚያስፋፋው ድርጅት ከኢትዮጵያ ሪድስ ጋር የተሠሩ፣ አጫጭር ናቸው፣ ሁለቱንም ለሚማር ልጅ ይመቻሉ፣ ሁሉም ግን የእንስሳት ታሪክ አይደሉም፣ መርጣችሁ ውሰዱ።

«የራሳችን ተረት እያለ ፈረንጅ ምን ያደርጋል» የሚል አይጠፋም፣ እኔም ደስ ይለኛል ተረታችን ቢነበብ፣ ግን ሀቁን እንነጋገር፣ የኛ የእንስሳት ተረት አብዛኛው ስለ ብልጠት ነው። ጦጣ ጅብን ታታልለዋለች፣ ጅብ አህያን አብረን እንሂድ ይላትና መጨረሻው ይታወቃል። ደስ ይላል፣ ያስቃል፣ ልጁን ንቁ ያደርጋል፣ «ሁሉን አትመን» ያስተምራል። ጓደኝነት ለማስተማር ግን ሌላኛው እግር ያስፈልጋል። ሁለቱንም ስጡት፣ ማታ አንድ አያ ጅቦ አንድ ደግሞ አያ አንበሳና አይጧ።

እና ደግሞ እዚሁ አጠገባችን ያለ እውነተኛ ታሪክ አለ። ከዚህ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ደባርቅ ሄዳችሁ ሰሜን ተራሮች ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን አይታችኋል፣ ሳር እየነቀሉ ሲውሉ፣ ቀይ ቀበሮም እዛው ይኖራል። ሰሜን ሸዋ ያለው መንዝ ጓሳ ላይ ደግሞ ተመራማሪዎች በ2015 ያወጡት ጥናት አለ፣ ቀበሮው ጭላዳዎቹ መሀል ገብቶ ሲያድን አይጥ ለመያዝ ከሞከረው 67 በመቶው ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶ ብቻ። ጭላዳዎቹ አይሸሹትም፣ እሱም ግልገላቸውን አይነካም፣ ቀስ ብሎ ነው መሀላቸው የሚራመደው። አንድ ጊዜ ግልገል የነጠቀ ቀበሮ ተገኝቶ ተረባርበው አስጥለው አባረውታል፣ ተመልሶ እንዲገባም አልፈቀዱለትም። ጓደኝነት ነው ልትሉት ትችላላችሁ፣ ጉርብትና ነው ብትሉም ያስኬዳል። ስዕል የሚችል ሰው ቤታችሁ ካለ ይሄን ስምንት ገጽ አድርጋችሁ ራሳችሁ ሥሩት፣ ወረቀቱን መሀሉ ላይ አጥፋችሁ በስቴፕለር መምታት ነው።

እንግዲህ አንድ ብቻ አምጣ ማለት ካለባችሁና የሚነግሩት አያት ከሆኑ ያለምንም ማመንታት የፒንክኒን አንበሳ። የሚጠይቅ፣ የማያምን፣ «ማስረጃ» የሚል ልጅ ከሆነ ጉማሬውን። ለኬጂ ክፍል ከሆነ፣ አርባ ልጅ መሬት ላይ በተቀመጠበት፣ የንግግር ፊኛ ያለው ትንሽ መጽሐፍ ከኋላ አይታይም፣ ስዕሉ ገጹን የሞላውን ምረጡ ወይም ከነፃዎቹ አንዱን በኤ3 አሳትሙ። ሻንጣ የሚያዘጋጀው ዘመድ 23 ኪሎ ብቻ ነው የተፈቀደልኝ ካለ ደግሞ ለስላሳ ሽፋን ያለው እትም ካለ እሱን ጠይቁ፣ ወፍራም ሽፋኑ ልጅ እጅ ላይ ረጅም ዕድሜ አለው ግን ይከብዳል፣ ለስላሳውን እዚህ ደርሶ በፕላስቲክ መሸፈን ይቻላል። ስትልኩለት ርዕሱን ብቻ አትላኩ፣ የደራሲውን ስምና የሽፋኑን ፎቶ በቴሌግራም ላኩለት፣ በተለይ አንበሳና አይጥ የሚል መጽሐፍ ስንት ዓይነት ስላለ ሌላውን ይዞላችሁ ይመጣል።